ስለ ቀጣናዊ የትብብር ኅብረቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሪዎች ተሰብስበው የጋራ ፎቶግራፍ ሲነሡ የሚታየው ሥነ ሥርዓት በሁሉም ኅብረቶች ዘንድ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ያለው በመመሥረቻ ውሎቻቸው ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአመዛኙ ሦስት ነገሮችን ይከታተላሉ፦ ውሳኔው የማን ነው፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ ውሉን የጣሰ አባልስ ምን ይደርስበታል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ቀጣናዊ ኅብረት ሲባል ምን ማለት ነው?

በአንድ የዓለም ክፍል የሚገኙ አገሮች በጽሑፍ በሰፈረ ውል ተስማምተው፣ ቋሚ ጽሕፈት ቤት፣ በተወሰነ ጊዜ የሚሰበሰብ ጉባኤና የራሱ በጀት ያለው ድርጅት ሲያቋቁሙ ቀጣናዊ ኅብረት መሠረቱ ይባላል። ሁለት አገሮች ስለ አንድ ወደብ ወይም ስለ አንድ ወንዝ የሚፈራረሙት ስምምነት በዚያው ጉዳይ የተወሰነ ነው፤ ኅብረት ግን ገና ያልተከሰተን ጉዳይ ጭምር ለመመልከት ታስቦ የሚቆም ተቋም ነው።

ስያሜው ስለ ጥንካሬው ብዙ አይነግረንም። የአረብ ማግሬብ ኅብረት አልጄሪያ፣ ሊቢያ፣ ሞሪታኒያ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ በ1989 ማራካሽ ላይ ሲመሠርቱት ታላቅ ተስፋ የተጣለበት ነበር፤ ይሁንና በዋናነት አልጄሪያና ሞሮኮ በምዕራብ ሰሃራ ጉዳይ ባላቸው ጠብ ምክንያት ከ1994 ወዲህ የመሪዎች ጉባኤ አላካሄደም። በአንጻሩ በ1910 የተመሠረተውና ስሙ በዜና እምብዛም የማይነሣው የደቡባዊ አፍሪካ የጉምሩክ ኅብረት ዛሬም የአባላቱን የቀረጥ ገቢ በአንድ ቋት አስገብቶ በቀመር ያከፋፍላል።

አገሮች ወደ እንዲህ ያለ ኅብረት የሚገቡት ለምንድን ነው?

በመግቢያዎቹ ላይ የሚጻፈው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ወንድማማችነትና የጋራ ብልጽግና ነው። ከሰነዱ ጀርባ ግን በአብዛኛው አንድ የተወሰነ ፍርሃት ወይም አንድ አገር ብቻዋን የማትወጣው ችግር ይገኛል።

የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት መነሻ በ1951 በፓሪስ የተፈረመው የከሰልና የብረት ማኅበረሰብ ነው። ከሰልና ብረት የተመረጡት ትርፋማ ስለሆኑ ብቻ አልነበረም። የጦር መሣሪያ የሚሠራባቸው እነሱ ስለነበሩ፣ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ምርታቸውን በአንድ የጋራ ባለ ሥልጣን ሥር ካደረጉት አንዱ በሌላው ላይ በድብቅ ለጦርነት የሚዘጋጅበት መንገድ ይጠብባል የሚል ስሌት ነበረ። ጣሊያን፣ ቤልጅየም፣ ኔዘርላንድስና ሉክሰምበርግም አብረው ፈረሙ። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ ማለትም አሴአን፣ ነሐሴ 8 ቀን 1967 ባንኮክ ላይ ሲመሠረት መግለጫው ያተኮረው በኢኮኖሚና በባህል ላይ ነበር፤ ሆኖም ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ የነበሩበት ግጭት ካበቃ ገና አንድ ዓመት ያህል ብቻ ስለነበር፣ ጎረቤታሞቹ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ ላለመግባት መተማመኛ ይፈልጉ ነበር። የባሕረ ሰላጤው የትብብር ምክር ቤትም በ1981 የተቋቋመው የኢራን አብዮት ከፈነዳ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የኢራንና የኢራቅ ጦርነት በተጀመረ ማግስት ነው።

ችግሩ የተፈጥሮ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት የሆነው ኢጋድ በ1986 ሲቋቋም ሥራው ድርቅን መከላከልና ልማት ነበር። ድርቁን ያባባሰው የእርስ በርስ ጦርነት ካልቆመ የድርቁን ጉዳይ ብቻውን ማከም እንደማይቻል ስለታየ፣ በ1996 ሥልጣኑ ሰፍቶ ሰላምና ጸጥታን እንዲጨምር ተደረገ።

የፖለቲካ፣ የኢኮኖሚና የጸጥታ ትብብርን ለያይቶ ማየት ይቻላልን?

በወረቀት ላይ ይቻላል፤ በተግባር አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ኢኮዋስ፣ በ1975 በሌጎስ ውል ሲመሠረት ከስሙ እንደሚታየው ለንግድና ለነጻ ዝውውር ነበር። በ1990 ግን የላይቤሪያ የእርስ በርስ ጦርነት አካባቢውን ሲያናጋ ኢኮሞግ የተባለውን ጦር አዝምቷል። የኢጋድ ታሪክም ከዚህ አይርቅም።

የኢኮኖሚ ትስስር ደረጃዎች ምን ምን ናቸው?

ምጣኔ ሀብት አጥኚዎች ጉዳዩን እንደ መሰላል ያስቀምጡታል። በነጻ የንግድ ቀጣና አባላቱ እርስ በርስ ቀረጥ ያነሣሉ፤ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱን ቀረጥ እንደያዘ ይቀጥላል። በጉምሩክ ኅብረት የውጭው ቀረጥም አንድ ይሆናል። በጋራ ገበያ ከሸቀጥ አልፎ ሠራተኛ፣ ካፒታልና አገልግሎት በነጻ ይዘዋወራሉ። ከዚያ በላይ የጋራ ገንዘብና የተቀናጀ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ይመጣሉ፤ የዩሮ ኖቶችና ሳንቲሞች በሰዎች እጅ የገቡት በ2002 ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ አንባቢ ችላ የሚለው፣ ነጋዴንና ጉምሩክን ግን ቀን ከሌት የሚያከራክረው፣ የዕቃ መነሻ ደንብ የሚባለው ነው። በነጻ የንግድ ቀጣና ውስጥ አንዱ አባል በጨርቅ ላይ 5 በመቶ፣ ሌላው 25 በመቶ ቀረጥ ይጥላል እንበል። ደንብ ከሌለ አስመጪው ከሩቅ አገር ያመጣውን ጨርቅ በርካሹ በር አስገብቶ፣ ከዚያ ያለ ቀረጥ ወደ ሁለተኛው አገር ያሻግረዋል። ይህ እንዳይሆን ዕቃው በእርግጥ በአባል አገር መመረቱን የሚወስን መለኪያ ያስፈልጋል፦ ከዋጋው ምን ያህሉ በአካባቢው የተጨመረ ነው፣ ክሩ ወይስ ጨርቁ ወይስ ልብሱ ነው በቀጣናው የተሠራው የሚሉት ጥያቄዎች በየሸቀጡ መልስ ይሻሉ። የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት መጋቢት 2018 ኪጋሊ ላይ ተፈርሞ፣ በግንቦት 2019 ሥራ ላይ ውሎ፣ ጥር 1 ቀን 2021 ንግድ ተጀመረበት ከተባለም በኋላ የልብስና የተሽከርካሪ መነሻ ደንብ ገና ሲያደራድር የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ስምምነት ተፈረመ የሚል ዜና ሲሰማ፣ ዕቃው ድንበር ላይ በየትኛው የምስክር ወረቀት ያልፋል ብሎ መጠየቅ ከፊርማው ቀን ይልቅ ብዙ ያስረዳል።

በአንዱ አባል ላይ ጥቃት ቢደርስ ሌሎቹ ጦር የመላክ ግዴታ አለባቸውን?

የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት፣ ማለትም ኔቶ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1949 በ12 አገሮች ሲመሠረት የተጻፈው 5ኛ አንቀጽ በአንድ አባል ላይ የተፈጸመ የትጥቅ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተፈጸመ ይቆጠራል ይላል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ማንበብ ያቆማል። ቀጥሎ ያለው ሐረግ ግን እያንዳንዱ አባል የትጥቅ ኃይልን ጨምሮ አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን እርምጃ ይወስዳል የሚል ነው፤ የእርምጃው ዓይነት የተተወው ለየአገሩ ፍርድ ነው። የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ጦርነት የማወጅ ሥልጣን ከኮንግረሱ እጅ እንዳይወጣ ስለሠጉ፣ ቃሉ እንዲህ እንዲላላ ሆነ። አንቀጹ እስከ ዛሬ ተግባራዊ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ መስከረም 11 ቀን 2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ ነው።

የቦታ ወሰንም አለው። 6ኛው አንቀጽ ጥበቃውን በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በቱርክና ከሰሜናዊው የሐሩር መስመር በላይ ባሉ የአትላንቲክ ደሴቶች ስለሚወስነው፣ አርጀንቲና በ1982 የፎክላንድ ደሴቶችን ስትይዝ እንግሊዝ የኔቶ አባል ብትሆንም የጋራ መከላከያው አንቀጽ አልደረሰላትም። የአውሮፓ ኅብረት ውልም በ42ኛ አንቀጹ 7ኛ ንኡስ አንቀጽ የመረዳዳት ግዴታ አስቀምጧል፤ ቃሉ እንዲያውም ከኔቶው የጠነከረ ሲሆን፣ ፈረንሳይ ከኅዳር 2015ቱ የፓሪስ ጥቃት በኋላ ጠርታዋለች።

ይሁን እንጂ ቃሉ ላላ ማለት ቃል ኪዳኑ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አጥቂውን የሚገታው ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን፣ የጋራ ዕዝ፣ የጋራ ልምምድና በአባል አገሮች መሬት ላይ አስቀድሞ የሰፈረ ጦር ነው። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ለዘመናት የያዙትን ገለልተኝነት ትተው የገቡት ሩሲያ በ2022 ዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ስትከፍት፣ በአባልነትና በወዳጅነት መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ በማየታቸው ነው።

ቀጣናዊ ድርጅት በአባሉ ላይ ጦር ሊያዘምት ይችላልን?

የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ምዕራፍ 8 ቀጣናዊ ድርጅቶች በአካባቢያቸው ያሉ ግጭቶችን በሰላም ለመፍታት እንዲጥሩ ያበረታታል፤ 53ኛው አንቀጽ ግን የኃይል እርምጃ ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ እንዳይወሰድ ይከለክላል። የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሕግ በ4ኛ አንቀጹ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ በአባል አገር ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1963 ሲመሠረት ጣልቃ አለመግባትን ዋና መርሑ ላደረገው ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወራሽ ይህ እጅግ ትልቅ ለውጥ ነበር። ድንጋጌው ግን በሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። በታኅሣሥ 2015 የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱ 5,000 ወታደሮች ወደ ቡሩንዲ እንዲላኩ ወስኖ ነበር፤ የቡሩንዲ መንግሥት አልቀበልም ሲል በቀጣዩ ወር የተሰበሰቡት መሪዎች ጉዳዩን ወደ ጎን አደረጉት።

በጋምቢያ የሆነው ከዚህ ይለያል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜ በታኅሣሥ 2016ቱ ምርጫ መሸነፉን መጀመሪያ ተቀብሎ ከሳምንት በኋላ አሻፈረኝ ሲል፣ አሸናፊው አዳማ ባሮ ጥር 19 ቀን 2017 በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ በዚያው ዕለት የኢኮዋስ ጦር ድንበር ተሻገረ፤ በሁለተኛው ቀን ጃሜ አገር ለቆ ወጣ። የተሳካው አገሪቱ ትንሽ ስለሆነችና በሴኔጋል ስለተከበበች ብቻ አይደለም። ተመራጩ ፕሬዚዳንት ራሱ ዕርዳታ ጠይቆ ነበር፤ ጎረቤቶቹም በአንድ ቃል ቆመዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2023 በኒጀር መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ይኸው ድርጅት የአንድ ሳምንት የጊዜ ገደብ ሰጥቶ በኃይል እንደሚመልስ ዛተ። የማሊና የቡርኪና ፋሶ ወታደራዊ መንግሥታት ከኒጀር ጎን ስለቆሙ አንድነቱ አልነበረም፤ ዛቻውም ሳይፈጸም ቀረ። በእኔ ግምት ድርጅቱን በኒጀር ላይ ከጣለው ማዕቀብ ይበልጥ የጎዳው ያልተፈጸመው ዛቻ ነው።

ውሳኔ የሚተላለፈው እንዴት ነው?

ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በመግባባት መወሰን ነው፤ ማንም በግልጽ እስካልተቃወመ ድረስ ጉዳዩ እንደጸደቀ ይቆጠራል። ኔቶም አሴአንም በዚህ ይሠራሉ። ሁለተኛው ሁሉም በድምፅ መስማማታቸው የሚፈለግበት ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ፖሊሲና የግብር ጉዳዮች በአመዛኙ በዚህ ያልፋሉ። ሦስተኛው የተመዘነ አብላጫ ድምፅ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት አብዛኛው ሕግ የሚጸድቀው ከአባል አገሮች 55 በመቶው፣ ማለትም ከ27ቱ 15ቱ፣ ሲደግፉትና የእነዚህ ሕዝብ ከጠቅላላው 65 በመቶ ሲሆን ነው።

መግባባት ማንንም ስለማያስከፋ አባላትን አቅፎ ለማቆየት ይመቻል፤ ዋጋው ግን መዘግየት ነው። አሴአን በሚያዝያ 2021 ስለ ሚያንማር አምስት ነጥቦችን ቢያወጣም የሚያስፈጽምበት መሣሪያ አልነበረውም። የደቡብ እስያ ቀጣናዊ ትብብር ማኅበር ደግሞ ከዚህ የባሰ ደርሶበታል፤ በ2016 ኢስላማባድ ላይ ሊካሄድ የታሰበው ጉባኤ በሕንድና በፓኪስታን ጠብ ምክንያት ከተሰረዘ ወዲህ፣ የ2014ቱ የካትማንዱ ጉባኤ የመጨረሻው ሆኖ ቀርቷል።

ወጪውን ማን ይከፍላል?

አባላት በየዓመቱ መዋጮ የሚከፍሉበት መንገድ የተለመደ ነው፤ ችግሩ ዘግይቶ መክፈል ወይም ጨርሶ አለመክፈል ነው። ይህንን ለማስቀረት አንዳንዶቹ ገንዘቡን ከመንግሥት ካዝና ሳይሆን ከንግድ ላይ ይቆርጣሉ። ኢኮዋስ ከማኅበረሰቡ ውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 0.5 በመቶ ይጥላል፤ የአፍሪካ ኅብረትም በ2016 ተመሳሳይ የ0.2 በመቶ ቀረጥ ወስኗል፣ ምንም እንኳ ሁሉም አባል ተግባራዊ ባያደርገውም። የድርጅቱን የሰላም ማስከበር ተልዕኮ በአብዛኛው ሌላ አካል የሚከፍልለት ከሆነ፣ ተልዕኮው መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚቋረጥ የሚወስነውም በከፊል ያው ከፋይ ይሆናል።

ስለ ኔቶ አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ቢታረም ጥሩ ነው። በ2014 የዌልስ ጉባኤ የተነገረው የአገር ውስጥ ምርት 2 በመቶ ለኔቶ የሚከፈል መዋጮ አይደለም። እያንዳንዱ አገር ለራሱ ጦር የሚያወጣው ወጪ ነው። በ2025 በሄግ የተያዘው የ5 በመቶ ግብም እንዲሁ ነው፤ የድርጅቱ የጋራ በጀት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው።

አባል መሆን ሉዓላዊነትን ይቀንሳልን?

አገሮች በየጉባኤው ተስማምተው በየቤታቸው የሚፈጽሙ ከሆነ ሥልጣኑ በእጃቸው ነው። ውሳኔው ወይም ፍርዱ በቀጥታ የሚያስገድድ ከሆነ ግን ከሉዓላዊነታቸው የተወሰነውን በፈቃዳቸው ለጋራ ተቋም ሰጥተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የዚህኛው ዓይነት ነው። የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ፣ ሳድክ፣ ፍርድ ቤትም ወደዚያ ለመሄድ ሞክሮ ነበር፤ በ2008 በዚምባብዌ የመሬት ነጠቃ ጉዳይ በመንግሥቱ ላይ ሲፈርድ፣ መንግሥቱ ፍርዱን አልፈጽምም አለ። መሪዎቹም በ2010 መንግሥቱን ሳይሆን ፍርድ ቤቱን አገዱ። ከአንድ ውል ውስጥ የቱ አንቀጽ እውነተኛ እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

አንድ አገር በብዙ ኅብረቶች አባል ሊሆን ይችላልን?

ይችላል፤ በተለይ በአፍሪካ የተለመደ ነው። የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሳድክ፣ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ የሆነው የኮሜሳ፣ የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብና፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ነው። በምሥራቅ ክፍሉ ላለው ጦርነት በኅዳር 2022 የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ገባ፤ መንግሥቱ በሥራው ስላልረካ በዓመቱ እንዲወጣ አድርጎ የሳድክን ጦር አስገባ። በንግድ ረገድ ግን መደራረቡ ወሰን አለው፦ አንድ አገር ሁለት የተለያዩ የጋራ የውጭ ቀረጦችን በአንድ ጊዜ ሊያስከፍል ስለማይችል፣ የሁለት ጉምሩክ ኅብረቶች ሙሉ አባል መሆን አይቻልም።

አባልነት ይታገዳልን? መውጣትስ እንዴት ነው?

የአረብ ሊግ ግብፅን ከእስራኤል ጋር ሰላም በመፈረሟ በ1979 አግዶ፣ ጽሕፈት ቤቱን ሳይቀር ከካይሮ ወደ ቱኒስ አዛውሯል፤ የመለሳት በ1989 ነው። የአፍሪካ ኅብረትም በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የተያዘባቸውን አገሮች ያግዳል።

በፈቃድ መውጣት አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ ማስታወቂያና በመጠበቂያ ጊዜ የሚፈጸም ነው። እንግሊዝ በሰኔ 2016 በሕዝበ ውሳኔ ወስና ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችው ጥር 31 ቀን 2020 ነው፤ ጊዜውን የበላው ከአርባ ዓመታት በላይ የተጠላለፈን ሕግ የመፍታት ሥራ ነበር። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በጥር 2024 ከኢኮዋስ ለመውጣት ሲያስታውቁ አንድ ዓመቱን አንጠብቅም ቢሉም፣ ድርጅቱ መውጣታቸውን ያጸናው ጥር 29 ቀን 2025 ነው። ያም ሆኖ ዜጎቻቸው በነጻ የመዘዋወር መብታቸው እንዲጠበቅ ሁለቱም ወገኖች ፈልገዋል፤ ከኅብረት ለመውጣት የቸኮለ መንግሥትም ቢሆን ከገበያውና ከመንገዱ መውጣት አይፈልግምና።

ኅብረት ፈርሶ ያውቃልን?

አዎን፤ የዋርሶ ቃል ኪዳን በ1991 ፈርሷል። ለትብብር ኅብረቶች ይበልጥ አስተማሪ የሚሆነው ግን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በ1967 ሲመሠርቱት የጋራ ባቡር፣ የጋራ ወደብ አስተዳደር፣ የጋራ አየር መንገድም ነበራቸው። ታንዛኒያና ኡጋንዳ ጥቅሙ ወደ ኬንያ ያደላል ብለው ያማርሩ ነበር፤ በኬንያና በታንዛኒያ መካከል የነበረው የርዕዮተ ዓለም ልዩነት ሰፋ፤ ኢዲ አሚን በ1971 በኡጋንዳ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከእሱ ጋር አብሮ ለመቀመጥ ፈቃደኛ ስላልነበረ የበላይ ባለ ሥልጣን የሆነው የመሪዎች ጉባኤ መሰብሰብ አቆመ። በ1977 ድርጅቱ ፈረሰ። ሎኮሞቲቩንና አውሮፕላኑን፣ ዕዳውንና ንብረቱን ለመካፈል የተደረገው ድርድር እስከ 1984 ወሰደ፤ በዚያው የክፍፍል ስምምነት ውስጥ ግን ሦስቱ አገሮች ወደፊት የሚተባበሩበትን መንገድ ለመፈለግ የሚያስችል አንቀጽ አስገብተው ነበር። አዲሱ ውል በ1999 ሲፈረም መነሻ የሆነው ያ አንቀጽ ነው፤ ማኅበረሰቡም ሶማሊያ በ2024 ስትገባ ስምንት አባላት ያሉት ሆኗል።